አብዱስ ሰላም፡ ካርቱም ያከበረቻቸው፣ አገራቸው የመቃብራቸውን ጽሑፍ የፋቀችባቸው የፊዚክስ ሊቅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር ወር 1983፣ ጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያድኑት የኖሩት አንድ ቅንጣት መገኘቱን ይፋ አደረጉ። ቅንጣቱ ደብልዩ ይባላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዜድ የተባለው ሁለተኛው ተከተለ። የሁለቱም ክብደት ማንም ሳያያቸው በፊት በወረቀት ላይ ተሰልቶ ነበር። ለዚያ ስሌት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ከፑንጃብ ትንሽ ከተማ የወጡት ፓኪስታናዊው ፕሮፌሰር አብዱስ ሰላም ናቸው።

በዚያው ዓመት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የኖቤል ሽልማት ካገኙ አራት ዓመት አልፏቸው ስለነበር እንዲህ ያለ ክብር ለእርሳቸው አዲስ አልነበረም፤ ከሊማ እስከ ኢስታንቡል፣ ከቺታጎንግ እስከ ማይዱጉሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አክብረዋቸዋል። የካርቱም ግን ለብቻው የሚታይ ነው። አብዱስ ሰላም የዕድሜያቸውን እኩሌታ የሰጡት ካርቱምን በመሳሰሉ ከተሞች ለሚኖሩ፣ መጽሔት ለማይደርሳቸውና ሐሳብ የሚለዋወጡት ባልደረባ ለሌላቸው ምሁራን ነበር። ከእነዚህ ምሁራን አንዱ የሆነው የካርቱም መምህርም በዚያው ዘመን የቅርብ አጋራቸው ሆኗል።

ከጃንግ እስከ ኬምብሪጅ

አብዱስ ሰላም የተወለዱት ጥር 29 ቀን 1926 በያኔዋ የብሪታኒያ ሕንድ፣ በፑንጃብ ግዛት ነው። ያደጉባት ጃንግ በእርሻ ምድር መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነበረች። አባታቸው በትምህርት ቢሮ ይሠሩ ነበር። ቤተሰቡ ባለጸጋ ባይሆንም ለትምህርትና ለሃይማኖት ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ነበር።

በ14 ዓመታቸው ለፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተቀመጡና እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ውጤት አመጡ። ከላሆር በብስክሌት ወደ ጃንግ ሲመለሱ የከተማው ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የችሎታ ብቻ ሳይሆን የዕድልም ነበር። የፑንጃብ መንግሥት ለጦርነቱ ከሰበሰበው ገንዘብ የተረፈውን ለአነስተኛ ገበሬዎች ልጆች የውጭ ትምህርት ሲመድብ አብዱስ ሰላም ከተመረጡት ጥቂቶች አንዱ ሆኑና በ1946 ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። በቀጣዩ ዓመት ሕንድ ለሁለት ተከፈለች። ያ የትምህርት ዕድልም ከክፍፍሉ ትርምስ ጋር አበቃ።

ኬምብሪጅ በሚገኘው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ በሒሳብም በፊዚክስም ከፍተኛውን ማዕረግ አገኙ። ቀጥሎም በታዋቂው የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ጥቂት ጊዜ ቆዩ፤ ነገር ግን መሣሪያ እያስተካከሉ፣ እየለኩና እየደጋገሙ የመሥራት ትዕግሥት እንደሌላቸው አልጠፋቸውም። ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሱ። በዘመኑ የፊዚክስ ሊቃውንትን ያስቸገረውን፣ የኤሌክትሮንንና የብርሃንን ግንኙነት ሲያሰሉ ውጤቱ ወለል አልባ ወደሆነ ቁጥር የሚሄድበትን ችግር አንዱን ክፍል ፈቱ። ገና ዶክትሬታቸውን ሳይዙ ስማቸው አትላንቲክን ተሻገረ።

የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኙ

በ1951 ወደ አገራቸው ተመልሰው ላሆር በሚገኘው የመንግሥት ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ። በኮሌጁ ለምርምር የሚሆን መጽሔትም፣ ጊዜም፣ ባልደረባም አልነበረም። ኃላፊው ከማስተማሩ ጎን ለጎን ተጨማሪ ሥራ እንዲመርጡ ጠየቋቸው፤ የተማሪዎች መኖሪያ ኃላፊነት፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም የእግር ኳስ ቡድን። አብዱስ ሰላም እግር ኳሱን መረጡ።

የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ቦምቤይ መምጣቱን ሲሰሙ የሚያነጋግሩት ሰው ስለናፈቃቸው ድንበር ተሻግረው ሄዱ። ሲመለሱ ያለ ፈቃድ ሥራ ለቀው በመሄዳቸው ተጠየቁ። ታሪኩ ዛሬ ፈገግ ቢያሰኝም ለእርሳቸው የሕይወታቸው ትልቁ ትምህርት ሆኖ ቀረ። አንድ ወጣት ተመራማሪ በፊዚክስና በአገሩ መካከል እንዲመርጥ መገደዱን እንደ ግፍ ቆጠሩት።

በላዩ ላይ ሌላ አደጋ መጣ። አብዱስ ሰላም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፑንጃብ የተመሠረተው የአሕመዲያ ማኅበረሰብ አባል ነበሩ። አብዛኞቹ የሙስሊም ሊቃውንት የዚህን ማኅበረሰብ ትምህርት አይቀበሉትም። በ1953 በላሆር በአሕመዲያዎች ላይ ሁከት ተቀሰቀሰና ከተማዋ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ወደቀች። በቀጣዩ ዓመት አብዱስ ሰላም ወደ ኬምብሪጅ ተመለሱ፤ በ1957 ደግሞ በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ከብረት ቆዳ የተወሰደው ሐሳብ

ታላቁ ሥራቸው የተፈጥሮን ሁለት ኃይሎች የሚመለከት ነው። አንደኛው ብርሃንን፣ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን የሚገዛው ኤሌክትሮመግነጢሳዊ ኃይል ነው። ሁለተኛው ደካማው ኃይል ይባላል። ስሙ ደካማ ቢሆንም ፀሐይ የምትነድበትን ሒደት የሚያስጀምረው፣ አንዳንድ አተሞችም ጨረር እየለቀቁ እንዲለወጡ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሁለቱ የአንድ ኃይል ሁለት ገጽታዎች ናቸው ብሎ ለማሰብ አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበር። የብርሃን ተሸካሚ የሆነው ፎቶን ክብደት የለውም፤ ስለዚህ ከሩቅ ኮከብ ተነሥቶ ዓይናችን ድረስ ይመጣል። የደካማው ኃይል ተሸካሚ ግን ከአተም እምብርት እንኳ የማይወጣ ነው፤ ይህም እጅግ ከባድ ለመሆኑ ምልክት ነው። ክብደት የሌለውና እጅግ የከበደው እንዴት ወንድማማች ይሆናሉ?

መልሱ ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከቀዘቀዙ ብረቶች ጥናት መጣ። ኒዮቢየምን የመሳሰሉ አንዳንድ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ያሳልፋሉ። በዚህ ጊዜ ሱፐርኮንዳክተር ይባላሉ። ሌላም ጠባይ አላቸው፤ ማግኔታዊ ኃይል ወደ ውስጣቸው እንዲዘልቅ አይፈቅዱም። በኒዮቢየም ላይ ኃይሉ የሚዘልቀው ወደ 40 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ የቀጠነ ቆዳ ማለት ነው። ከዚያ አልፎ መሄድ አይችልም። በሌላ አነጋገር፣ በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ፎቶን ራሱ ክብደት እንዳለው ሆኖ ይታያል።

አሜሪካዊው ፊሊፕ አንደርሰን ይህን ካስተዋለ በኋላ ፒተር ሂግስን ጨምሮ በርካታ ሰዎች በ1964 ሐሳቡን ወደ ባዶ ሕዋ አሻገሩት። መላው ሕዋ በማይታይ መስክ የተሞላ ከሆነ፣ ሱፐርኮንዳክተር ፎቶንን እንደሚያከብደው ሁሉ ያ መስክ የደካማውን ኃይል ተሸካሚዎች ያከብዳቸዋል፤ ፎቶንን ግን ነጻ ይተወዋል። ከነዚያ ሰዎች አንዱ ቶም ኪብል በኢምፔሪያል ኮሌጅ የአብዱስ ሰላም ባልደረባ ነበር። አብዱስ ሰላም ነገሩን ከእርሱ ተረዱና ለሁለቱ ኃይሎች ውሕደት ተጠቀሙበት። ስቲቨን ዋይንበርግ በ1967 በአሜሪካ፣ አብዱስ ሰላምም በ1968 በስዊድን ጎተንበርግ በተደረገ ጉባኤ፣ ሳይመካከሩ ወደ አንድ መደምደሚያ ደረሱ። የሐሳቡን አጽም ቀደም ብሎ የዘረጋው ሼልደን ግላሾው ነበር። ሦስቱም የ1979ን የፊዚክስ ኖቤል ተጋሩ።

የሽልማቱ ዕለት አብዱስ ሰላም በስቶክሆልም የተገኙት የአገራቸውን ረጅም ካባ ለብሰው፣ ጥምጥም ጠምጥመውና ጫፉ የተቆለመመ የፑንጃብ ጫማ አድርገው ነበር።

ከዚያ ቀደም ያመለጣቸው ዕድልም ነበር። በ1956 ከሲያትል ጉባኤ በሌሊት በረራ ሲመለሱ በዘመኑ ክብደት አልባ ነው ተብሎ ይታመን የነበረው ኒውትሪኖ የተባለው ቅንጣት ለምን እንዲያ እንደሆነ ሲያወጡና ሲያወርዱ አድረው፣ ተፈጥሮ ግራና ቀኝን እኩል እንደማታይ የሚያመላክት መልስ ላይ ደረሱ። ፓውሊ ሐሳቡን እንዲተዉት መከራቸው፤ እርሳቸውም ወደ ኅትመት ሳይቸኩሉ ቀሩ። በዚያው ሰሞን ሙከራ ተፈጥሮ በእርግጥ እንደምታዳላ አሳየ፤ ለዚህ ሐሳብ የ1957ን ኖቤል የወሰዱት ቻይናውያኑ ሊ እና ያንግ ሆኑ። አብዱስ ሰላም ከዚያ በኋላ ሐሳባቸውን በመሳቢያ ውስጥ የማቆየት ልማድ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የተሳሳቱ ነበሩ ቢባልም ቅር አይላቸውም ነበር።

ስሌቱን የፈተነው ማሽን

ቲዎሪ ያለ ሙከራ ግምት ነው። እርሳቸው ትዕግሥት ያጡበትን ሥራ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶችና ባለሙያዎች ሠሩላቸው ማለት ይቻላል። በ1973 ሰርን ውስጥ ጋርጋሜል በተባለ ግዙፍ መሣሪያ የመጀመሪያው ፍንጭ ታየ፤ በ1983 ደብልዩና ዜድ ተገኙ። ሰርን ከዚያ በኋላ ቅንጣቶቹን ለማግኘት ብቻ ሳይሆን በትክክል ለመመዘን 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ሌፕ የተባለ ማፋጠኛ ከመሬት በታች ገነባ። ሥራ የጀመረው በ1989 ነው።

ሌፕ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን በተቃራኒ አቅጣጫ እያሽከረከረ ያጋጫል። ኤሌክትሮን በክብ መንገድ ሲዞር ግን ጨረር እየለቀቀ ጉልበቱን ያጣል፤ ኪሳራውም ፍጥነቱ ሲጨምር በእጅጉ ይከፋል። ማሽኑ በመጨረሻ በደረሰበት ከፍተኛ ጉልበት እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በአንድ ዙር ብቻ ወደ 3 በመቶ የሚሆነውን ጉልበቱን ያጣ ነበር። አንዱን ዜድ ለመፍጠር የመዳብ መግፊያዎች በቅተው ነበር። ደብልዩ ግን የሚወለደው ጥንድ ሆኖ ነው። ሁለቱን ለመፍጠር የሚያስፈልገውን ጉልበት በመዳብ ማግኘት፣ መዳቡ ከሚግለውና ከሚበላው ኤሌክትሪክ አንጻር የማይታሰብ ሆነ።

እዚህ ላይ ነበር ሱፐርኮንዳክተር እንደገና የመጣው፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደ ምሳሌ ሳይሆን እንደ ዕቃ። ካቪቲ የሚባለው የማፋጠኛ ክፍል ጎድጓዳ ነው፤ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እንክብል ክፍሎች ያሉት ቧንቧ ይመስላል። በውስጡ የሬዲዮ ሞገድ ይረገጣል፤ በመካከሉ የሚያልፈውን የቅንጣት ጭፍራም ሞገዱ ወደፊት ይገፋዋል። የሌፕ መሐንዲሶች ካቪቲዎቹን ከመዳብ ሠርተው ውስጣቸውን ከ2 ማይክሮሜትር ባልበለጠ የኒዮቢየም ሽፋን ለበጡና በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ አካባቢ አቀዘቀዟቸው። በመጨረሻ ወደ 290 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ካቪቲዎች በዋሻው ውስጥ ተሰለፉ።

ሽፋኑ ለምን እንዲህ ቀጭን ሆኖ በቃ? ሞገዱ የሚነካው ያችኑ ወደ 40 ናኖሜትር የምትሆን ቆዳ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ ጥቅም የሆነውን ያህል ጣጣም ነው። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በውስጠኛው ገጽታ ላይ በመሆኑ እዚያ ያለ ጥቃቅን እንከን መላውን ማሽን ይጎዳል። ብየዳው ላይ የቀረች ጉድጓድ፣ የወጣች እባጭ ወይም የተጣበቀች የባዕድ ብረት ፍንጣቂ ሞገዱ ሲበረታ ትሞቃለች፤ ሙቀቱ ዙሪያዋን ያለውን ኒዮቢየም ከሱፐርኮንዳክተርነት ያወጣዋል፤ ያም ይበልጥ ይግላል። ከቅጽበት በኋላ በካቪቲው የተከማቸው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። አቧራም ጠላት ነው፤ ከአቧራ ጫፍ የሚፈነጠሩ ኤሌክትሮኖች ጉልበቱን ይሰርቁታል። በዚህ ምክንያት ካቪቲዎች በከፍተኛ ግፊት በተጣራ ውኃ ይታጠባሉ፤ የሚገጣጠሙትም የቀዶ ሕክምና ክፍልን በሚያስንቅ ንጽሕና ነው።

ችግሩ ማየቱ ላይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከንጹሕ ኒዮቢየም የተቀረጸ ባለ ዘጠኝ እንክብል ካቪቲ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጠባቡ አንገቱ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት አለው። ውስጡ ደግሞ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ መብራት ሲያበሩበት ነጸብራቁ ዓይን ያጭበረብራል። የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲና ኬክ የተባለው የማፋጠኛ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች በ2008 ይፋ ያደረጉት ካሜራ ለዚህ መላ አበጀ። ካሜራው በቀጭን ሲሊንደር ውስጥ ሆኖ በካቪቲው መሐል ለመሐል ይገባል፤ ትንሽ መስታወት የጎኑን ገጽታ ወደ ካሜራው ይመልሳል። በሲሊንደሩ ዙሪያ የተለጠፉ የብርሃን ሰቆች በየተራ እየበሩና እየጠፉ ጥላውን ያንቀሳቅሱታል። ከጥላው እንቅስቃሴ ያየነው ነገር ጉድጓድ ይሁን እባጭ፣ ጥልቀቱና ከፍታውም ስንት እንደሆነ ይሰላል። ከ10 ማይክሮሜትር ያነሰች ነጥብ ሳትቀር ትለያለች።

ባለሙያዎቹ አስቀድመው በካቪቲው ውጫዊ ገጽ ላይ የሙቀት መለኪያዎችን ይደረድሩና የትኛው ስፍራ እንደሚግል ይለያሉ፤ ቀጥሎ ካሜራውን ወደዚያው ይልካሉ። እንከኑ ከተገኘ በቦታው ተሞርዶ ወይም በጨረር ቀልጦ እንዲስተካከል ይደረጋል። በጀርመን ሐምቡርግ ለተገነባው 3.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላለው የኤክስሬይ ሌዘር ወደ 800 የሚጠጉ ካቪቲዎች ሲሠሩ ይህን ፍተሻ የሚያግዝ ሮቦት እስከመዘጋጀት ተደርሷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግለት ቆዳ፣ አብዱስ ሰላምና ባልደረቦቻቸው ደብልዩ ለምን እንደሚከብድ የተረዱበት ያው ክስተት መሆኑ የፊዚክስ ሰዎችን ሁልጊዜ ያስገርማል። የማፋጠኛው መሐንዲስ ኒዮቢየም ላይ የሚያየውን ነው ቲዎሪስቱ በሕዋ ላይ ያነበበው።

በ1996 የበጋ ወራት ሌፕ በአዲሶቹ ካቪቲዎች ታግዞ የመጀመሪያዎቹን የደብልዩ ጥንዶች ፈጠረ።

ትሪየስትና ካርቱም

አብዱስ ሰላም በፓኪስታን ልዑክነት በተገኙበት የ1960 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የድሃ አገሮች ተመራማሪዎች አገራቸውን ለቀው ሳይሰደዱ በየጊዜው እየመጡ ከዓለም ሊቃውንት ጋር የሚሠሩበት ማዕከል ይቋቋም የሚል ነበር። ባለጸጋዎቹ አገሮች አልወደዱትም። አንዱ ተወካይ ቲዎሪቲካል ፊዚክስን ከቅንጡ አውቶሞቢል ጋር አመሳስሎ ድሆቹ የሚያስፈልጋቸው የበሬ ጋሪ ነው እስከማለት ደርሷል። ንቀቱ ለአብዱስ ሰላም እልህ ሆነ። በጣሊያናዊው ፓኦሎ ቡዲኒች አጋርነትና በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ ማዕከሉ በ1964 በትሪየስት ተከፈተ።

የማዕከሉ ዋና ብልሃት ቀላል ነበር። አንድ የካርቱም፣ የአዲስ አበባ ወይም የዳካ መምህር አባል ሆኖ ሲመረጥ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትሪየስት ሄዶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይመራመራል፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። ወጪው ይሸፈንለታል፤ ማንም እንዲሰደድ አያስገድደውም። ላሆር ላይ እግር ኳስ ሲያሠለጥኑ የነበሩት ሰው ለራሳቸው የተመኙት ይህንኑ ነበር። በ1968 ካገኙት አቶም ለሰላም የተባለ ሽልማት ደግሞ ወጣት ፓኪስታናውያን ወደ ማዕከሉ የሚመጡበትን ገንዘብ አቋቋሙ።

ካርቱም ለዚህ ሐሳብ ሩቅ አልነበረችም። በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ተቋም በነጻነት ዓመት በ1956 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1978 ደግሞ በታዳጊ አገሮች ሒሳብን ስለማሳደግ የተነጋገረ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያስተናገደችው ካርቱም ነበረች። ችግሩ እንደ ላሆር ነበር፤ ችሎታ አለ፣ ተማሪ አለ፣ የሚነጋገሩት ሰው የለም።

በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ ከነበሩት አንዱ በኦክስፎርድ በፕላዝማ ፊዚክስ ዶክትሬታቸውን በ1974 ይዘው የተመለሱት ሞሐመድ ሐሰን ናቸው። ሐሰን የሒሳብ ትምህርት ቤቱ ዲን እስከመሆን ደርሰዋል። ከፕላዝማው ባሻገር ነፋስ አፈርን እንዴት እንደሚሸረሽር፣ አሸዋና አቧራን እንዴት እንደሚያጓጉዝ በሒሳብ አጥንተዋል። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ግድግዳ ካርቱምን ሲውጣት ያየ ሰው ይህ ጥናት ከወዴት እንደመጣ አይጠፋውም።

አብዱስ ሰላም በ1983 የሦስተኛው ዓለም የሳይንስ አካዳሚን በትሪየስት ሲመሠርቱ ሥራውን እንዲመሩላቸው የመረጡት እኚህን ሱዳናዊ ነበር። አካዳሚው በ1985 በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በነበሩት ሐቪየር ፔሬዝ ደ ኩዌያር ተመርቆ ተከፈተ። ሐሰን እስከ 2011 ድረስ የአካዳሚው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ጎን ለጎን ናይሮቢ መቀመጫውን ያደረገውን የአፍሪካ የሳይንስ አካዳሚ በፕሬዝዳንትነት መሩ፤ ከ2019 እስከ 2022 ደግሞ አብዱስ ሰላም በመሠረቱት አካዳሚ በፕሬዝዳንትነት ተቀመጡ። ስለ አብዱስ ሰላም ሲነገር ኖቤሉ ይቀድማል፤ ለአፍሪካ ቀንድና ለናይል ሸለቆ አንባቢ ግን ከኖቤሉ ይልቅ ይህ ሥራ የሚቀርብ ይመስላል።

የተፋቀው ቃል

ክብሩ በውጭ እየጨመረ ሲሄድ በአገራቸው ያለው ነገር ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። አብዱስ ሰላም ከ1961 ጀምሮ የፓኪስታን ፕሬዝዳንቶች የሳይንስ አማካሪ ነበሩ። በመስከረም 1974 ግን የአገሪቱ ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ አሕመዲያዎች ሙስሊም አይደሉም ሲል ደነገገ። አማካሪነቱን ተዉት። በ1984 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የማኅበረሰቡ አባላት ራሳቸውን ሙስሊም ብለው እንዳይጠሩ ከለከለ። ይህም ሆኖ የፓኪስታን ዜግነታቸውን እስከ መጨረሻው አልቀየሩም።

ሃይማኖታቸው ለእርሳቸው ከሳይንሳቸው የተነጠለ አልነበረም። በተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ ሥር አንድነት አለ ብለው የሚያምኑት ከእምነታቸው በመነሣት ጭምር ነበር። ከሕንዳዊው ጆጌሽ ፓቲ ጋር በ1974 ያቀረቡት ሰፊ የውሕደት ሐሳብ ፕሮቶን ዘላለማዊ እንዳልሆነ፣ አንድ ቀን እንደሚበሰብስ ይገልጻል። በጥልቅ ማዕድን ማውጫዎችና በግዙፍ የውኃ ገንዳዎች ቢፈለግም እስካሁን ሲበሰብስ የተገኘ ፕሮቶን የለም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የነርቭ በሽታ ያዛቸው፤ ቀስ በቀስ መራመድም መናገርም ተሳናቸው። ሌፕ የደብልዩን ጥንዶች ከፈጠረ ወራት ሳይቆይ፣ ኅዳር 21 ቀን 1996 በኦክስፎርድ በ70 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ፓኪስታን ተወስዶ የአሕመዲያ ማኅበረሰብ ማዕከል በሆነችው ራብዋ ተቀበረ። የመቃብራቸው ድንጋይ የኖቤል ተሸላሚ ሙስሊም መሆናቸውን ይገልጽ ነበር። በአካባቢው ዳኛ ትእዛዝ ሙስሊም የሚለው ቃል ተደመሰሰ፤ የቀረው ጽሑፍም ትርጉሙ ተዛብቶ ቀረ። የፓኪስታን መንግሥት በእስላማባድ የሚገኝ የፊዚክስ ማዕከል በስማቸው እንዲጠራ የፈቀደው ካረፉ ከ20 ዓመታት በኋላ በ2016 ነው።

ትሪየስት ቀድማ ነበር። ማዕከሉ በ1997 በስማቸው ተሰየመ። ሌፕ በ2000 ተዘግቶ በዚያው ዋሻ የተገነባው አዲሱ ማፋጠኛ፣ እርሱም በኒዮቢየም በተለበጡ ካቪቲዎች የሚሠራው፣ በሐምሌ 2012 የሂግስን ቅንጣት አገኘ፤ አብዱስ ሰላም ለስሌታቸው የተደገፉበት ያ የማይታይ መስክ እውን መሆኑ ታወቀ። ለመካከለኛው ምሥራቅ የጋራ የጨረር ማሽን ያስፈልጋል የሚለው የቀድሞ ጥሪያቸውም በ2017 በዮርዳኖስ በተከፈተው ሴሳሚ እውን ሆኗል። አፍሪካ ግን ዛሬም እንዲህ ያለ ማሽን በምድሯ የላትም።

ካርቱምን በተመለከተ፣ ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት በናይል ዳር ያለውን ዩኒቨርሲቲ ጎድቷል። መምህራኑና ተማሪዎቹ ወደ ሌሎች የሱዳን ከተሞችና ወደ ጎረቤት አገሮች ተበትነዋል፤ ብዙዎቹም ትምህርቱን ባሉበት ሆነው በኢንተርኔት ለመቀጠል ተገደዋል። የትሪየስቱ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ አባላትን በዚያው በጥንቱ ደንብ መቀበሉን ቀጥሏል።